የካሴት ጌም በዜድ ኤክስ ስፔክትረም ላይ እንዴት ይጫናል?

በ1982 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው የቤት ኮምፒውተር፣ ዜድ ኤክስ ስፔክትረም፣ ጌሙን የሚያነበው ከተራ የሙዚቃ ካሴት ነው። የዚያን ዘመን ልጆች የቤቱን ቴፕ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተው፣ ጆሮ የሚበሳውን ጩኸት ታግሠው ይጫወቱ ነበር። ማሽኑና ካሴቱ እጃችሁ ከገባ ዛሬም ይሠራል። ልብ የሚያወልቀው ቴፑ ነው።

ስለዚህ ከቴፑ እንጀምር። ትልቅ የስቴሪዮ ዴክ አትፈልጉ። የኋላ መውጫው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ለስፔክትረም ይደክማል። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው ርካሽ ባለአንድ ስፒከር ቴፕ በብዙ ይሻላል። ሄዱን፣ ማለትም የካሴቱን ክር የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥረጉት፤ ይሄን በካሴት ዘመን ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ገመዱን ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ «ኢር» ወደሚለው ቀዳዳ ሰኩ። «ማይክ» የሚለው ለመቅዳት ነው፤ ተዉት። ስፔክትረሙ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፣ ሶኬቱ ሲሰካ ይበራል። 48ኬ በሚባለው ሞዴል ላይ «ጄ»ን ስትነኩ «ሎድ» የሚለው ትእዛዝ ሙሉውን ራሱ ይጻፋል። ከዚያ ሲምቦል ሺፍትን ይዛችሁ «ፒ»ን ሁለቴ፣ ከዚያ ኢንተር። ካሴቱን አጠንጥኑና ፕሌይ።

ድምፁን ሦስት አራተኛ ላይ አድርጉት። ትሬብል (የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ) ካለው እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ረጅሙ ፉጨት ሲመጣ የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቀይና ውሃ ሰማያዊ መስመሮች ይታያሉ። ፉጨቱ ወደ ጩኸት ሲቀየር ቀጫጭን ሰማያዊና ቢጫ ይሆናሉ፣ የጌሙም ስም ይወጣል። ትልቅ ጌም አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መስመር ጭራሽ ካልታየ ድምፁ አንሷል ወይም ገመዱ በትክክል አልተሰካም። መስመሩ እየታየ መሃል ላይ «ቴፕ ሎዲንግ ኤረር» ካለ፣ አጠንጥናችሁ ድምፁን በትንሽ በትንሹ እየለወጣችሁ ሞክሩ።

በድምፅም ካልሆነ ችግሩ የሄዱ አቀማመጥ ነው። ካሴቱን የቀዳው ማሽን ሄድና የእናንተው ትንሽ እንኳ በአቅጣጫ ከተለያዩ፣ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል። ሙዚቃ ሲሆን ብዙም አይታወቅም። ኮምፒውተሩ ግን ያችን ቀጭን ድምፅ ካላገኘ ምኑንም አያነብም። ጓደኛ ከጓደኛ እየተቀባበለ የቀዳው ካሴት ደግሞ የባሰ ነው።

ማስተካከያዋ ከሄዱ ጎን ያለችው፣ ከሥሯ ሞላ ያላት ትንሽ ብሎን ናት። በብዙ ርካሽ ቴፖች ላይ ፕሌይ እንደተጫነ ካቻቢቴ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ሳትነኳት በፊት የነበረችበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ገመዱን ንቀሉና በስፒከሩ አዳምጡ። ጩኸቱ ላይ ስትደርሱ ብሎኗን በጣም በዝግታ አዙሩ። የታፈነው ድምፅ እየጠራ፣ እየሰላ ይሄዳል፤ ካለፋችሁት መልሶ ይታፈናል። ጥርት ያለበት ላይ አቁሙ። ሞላ የሌላትን ብሎን አትንኩ፤ እሷ ከላላች ሄዱ እንዳለ ይወላገዳል። ጫፉ ማግኔት የሆነ ካቻቢቴም ወደ ሄዱ አታስጠጉ።

ሌላ ካሴት ስትከቱ ብሎኗን እንደገና ማዞር ሊያስፈልግ ይችላል። እንደኔ ከሆነ፣ ጌሙ አንዴ ከተጫነላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ድምፁን ወደ ዘመናዊ ኮምፒውተር ቅዱት፤ የካሴት ክር ዕድሜ የለውም። ከዚያ በኋላ በስልክ እያጫወታችሁ በዚያው ገመድ መጫን ትችላላችሁ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ኖቲፊኬሽኑን ግን ዝጉት፤ መሃል ላይ የገባች አንዲት የመልእክት ድምፅ አምስቱን ደቂቃ ገደል ትከተዋለች።