ኦፐሬቲንግ ሲስተማችሁ ሃርድ ዲስካችሁን እየጨረሰው እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ?

"ሶፍትዌር ሃርድዌርን አያበላሽም" ሲባል እኔም አምን ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ኡቡንቱ 17.10 የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የአንዳንድ ሌኖቮ ላፕቶፖችን ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ስላበላሸ ከማውረጃ ገጹ እስከ መነሳት ደርሷል። ያን ያህል ድንገተኛ ነገር ብዙም አይገጥምም። ብዙዎቻችንን የሚያገኘን ቀስ ብሎ የሚገድለው ነው።

የቆየ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው የሚሽከረከር ዲስክ ሥራ ሲያጣ የሚያነብበትን ክንድ ወደ ማረፊያው ይመልሳል። ላፕቶፑ ቢወድቅ ዲስኩ እንዳይጫር ነው፤ ባትሪም ይቆጥባል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በየጥቂት ሰከንዱ የሆነ ነገር ይጽፋል። ክንዱ ገና አረፍ ከማለቱ ይቀሰቀሳል። ብዙ የላፕቶፕ ዲስኮች የተሠሩት ከ300,000 እስከ 600,000 ለሚደርስ የክንድ ምልልስ ነው። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ዓይነት ዲስክ) ክንድ የለውም፤ እሱን የምትጠቀሙ ይህ አይመለከታችሁም።

1. መጀመሪያ ፋይሎቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ።

2. ዊንዶውስ ላይ የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ጫኑ፤ ነጻ ነው። ኡቡንቱ ላይ "ዲስክስ" የሚለው ፕሮግራም ይበቃል። "ኮምፒውተር እናፈጥናለን" የሚሉትን ግን ተዉአቸው። አንድም ቀን የረባ ነገር ሲሠሩ አላየሁም።

3. የክንዱን ምልልስ የሚቆጥረውን "ሎድ/አንሎድ ሳይክል ካውንት" የሚለውን መስመር ፈልጉ። ጣጣው ያለው እዚህ ነው።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ቁጥሩን የሚያሳየው እኛ በለመድነው በአሥር ቤት ሳይሆን በ16 ቤት ነው። እኔ 41200 የሚል አየሁ። "41 ሺህ? ገና ልጅ ነው" ብዬ ዘጋሁት። ትክክለኛው ቁጥር ለካ 266,752 ነበር! ከአራት ወር በኋላ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። የእህቴ የሠርግ ፎቶ አብሮት ሄደ። ስለዚህ ከፈንክሽን ሜኑ ወደ አድቫንስድ ፊቸር፣ ከዚያ ወደ ሮው ቫሊውስ ግቡና 10 የሚለውን ምረጡ። ዲስክስ ላይ ይህ ችግር የለም።

ደግሞ ቁጥሩን አንዴ አይታችሁ አትፍረዱ። ጻፉት፣ እንደ ወትሮው ሥሩ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። በሰዓት 100 ከጨመረ 300,000 የሚሞላው በ3,000 ሰዓት ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ አንድ ዓመት ከአሥር ቀን ብቻ ነው። አምስት ስድስት ከሆነ የጨመረው፣ ላፕቶፑን በሰላም ተጠቀሙበት።

4. በፍጥነት የሚጨምር ከሆነ ኤፒኤም የሚባለውን የዲስኩን ኃይል ቁጠባ ቅንብር 254 ላይ አድርጉት። በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ እዚያው አድቫንስድ ፊቸር ውስጥ፣ በዲስክስ ደግሞ ድራይቭ ሴቲንግስ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ያልቃል፣ ዲስኩም ሞቅ ይላል። ክንዱ እንደ ድሮው ስለማያርፍ ላፕቶፑን እንደበራ ይዛችሁ አትዙሩ።

5. አጥፍታችሁ አብሩና ቁጥሩን እንደገና ለአንድ ሰዓት ተከታተሉ። አንዳንድ ዲስክ ሲጠፋ ቅንብሩን ይረሳል፤ ጭራሽ የማይቀበልም አለ። የእናንተው እንዲህ ከሆነ አትታገሉት፣ በኤስኤስዲ ቀይሩት።