ልጆችን ይዞ ኤከበርግ ፓርክ መዋል

ኦስሎ ለምትኖሩ፣ ወይም ዘመድ ልትጠይቁ ለምትመጡ ወላጆች ነው የምጽፈው። እሁድ መጥቶ ልጆቹ ስልክ ላይ ተደፍተው ከዋሉባችሁ ኤከበርግ ፓርክ ውሰዷቸው። መግቢያ አይከፈልም። ዓመቱን ሙሉ፣ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። ጫካ ነው፤ ጫካው ውስጥ ደግሞ የሮዳንና የሬንዋር፣ የዳሊና የሌሎችም ቀራጮች ሥራ ከዛፉ ጋር ተቀላቅሎ ይጠብቃችኋል። ፓርኩ የተከፈተው በ2013 ነው። ገንዘቡን ያወጣው ክርስቲያን ሪንግነስ የሚባል የኖርዌይ ባለሀብት ሲሆን፣ ሐሳቡም ሴትን የሚያወድስ ቦታ ለመሥራት ነበር።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እንደ ሙዚየም ስንይዘው ነው። ቦታው ከ25 ሄክታር በላይ ነው፣ ያውም ዳገት። እኛ መጀመሪያ የሄድን ቀን ካርታ ይዤ አንዱንም ላላስቀር ስሮጥ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ትንሹ ልጄ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ የምንሄድበት መንገድ ሌላ ነው። እነሆ።

ቀንና ሰዓት ምረጡ

በሰኔ ወር እስከ ምሽት አራት ሰዓት ተኩል ድረስ ብርሃን አለ፤ አትቸኩሉም። በታኅሣሥ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ፀሐይ ትጠልቃለች። ስለዚህ በክረምት ከሄዳችሁ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከቤት ውጡ። ለእኔ ምርጡ ጊዜ መስከረም መጨረሻ ነው። ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ይሆናል፣ የነሐስ ሐውልቱ ከቅጠሉ መሐል ብቅ ሲል ደስ ይላል።

ልብስና ምሳ

ከታች ሱፍ፣ ከላይ ዝናብ የማያስገባ ልብስ። ኖርዌይ ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ለልጆች ትርፍ ካልሲና ጓንት ያዙ፤ አንዱ ኩሬ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

ካፌ አለ፣ ግን ለአራት ሰው ኪስ ይጎዳል። ምሳ እቃ ይዛችሁ ውጡ። ፍርፍር ሲቀዘቅዝ ልጆች አይወዱትም፤ ጨጨብሳ ግን ቀዝቅዞም ይበላል። የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ ቆሎ፣ በፔርሙዝ ሻይ ጨምሩበት። ለቆሻሻ ፌስታል አትርሱ።

መንገዱ

ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ አጠገብ 13 ወይም 19 ቁጥር ትራም ወደ ልያብሩ አቅጣጫ ተሳፈሩ። አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ፌርማታው በፓርኩ ስም ነው የሚጠራው። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ትኬት አያስፈልገውም። ትራሙ ዳገቱን ሲወጣ ወደቡ ከታች ስለሚታይ ልጆቹን መስኮት በኩል አስቀምጧቸው። የሕፃን ጋሪ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ግን መንገዱ ጠጠር ነው፣ አንዳንዱም ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ጎማው ትልቅ የሆነውን ውሰዱ።

ስድስት ብቻ ምረጡ

ዋናው ነገር ይህ ነው። የፓርኩን ካርታ ከድረ ገጹ ላይ ቀድማችሁ እዩና ከልጆቹ ጋር ስድስት ሥራ ምረጡ። ከስድስት በላይ አትሂዱ። እያንዳንዱ ጋ ቆዩ። የሚቀጥለውን ማን እንደሚያገኘው ተወዳደሩ። እኛ የምንመርጣቸው እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ ፊቱ። ሂልደ ሜህሉም የሠራችው ትልቅ ፊት ነው፤ ወደ ውስጥ ነው የተጎደጎደው፣ እንደ ሻጋታ። ከፊት ለፊቱ ሆናችሁ ወደ ግራ ስትሄዱ ወደ ግራ ያያችኋል፣ ወደ ቀኝ ስትሉ ይከተላችኋል። አትንገሯቸው። "እስቲ ወዲያና ወዲህ ሂዱ" ብቻ በሏቸው። ልጄ ሦስት ጊዜ ተመላለሰና "እማዬ፣ ሰረቅ አድርጎ ያየኛል" አለኝ። ሩብ ሰዓት ያህል እዚያው ቆየን።

ቀጥሎ የዳሊ ቬኑስ። ክንድ የሌላት የጥንቷ ሐውልት ናት፤ ዳሊ ግን ግንባሯ፣ ሆዷና ጉልበቷ ላይ ሳይቀር መሳቢያ አውጥቶላታል። እዚህ ጋ አንድ ጨዋታ አለን። እያንዳንዳችን በየትኛው መሳቢያ ምን እንደምናስቀምጥ እንናገራለን። ትንሹ ልጄ ሆዷ ውስጥ ዳቦ፣ ግንባሯ ውስጥ ደግሞ "የማልረሳውን" አስቀመጠ።

የሉዊዝ ቡርዧ ጥንዶች ተቃቅፈው በአየር ላይ ተንጠልጥለዋል። አሉሚኒየሙ እንደ መስታወት ስለሚያበራ ዛፉም ሰማዩም ላዩ ላይ ይታያል። ልጆቹ ሣር ላይ በጀርባቸው ይተኙና ከታች ያንጋጥጡ።

የዴሚየን ኸርስት መልአክ ከነጭ እብነ በረድ የተቀረጸች ናት። ከፊል ገላዋ ተከፍቶ የራስ ቅሏና የሆድ ዕቃዋ ይታያል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ልጅ እዚህ ጋ ይጠይቃል። የእኔ "መልአክ አንጀት አለው እንዴ?" ብሎኛል። መልስ ለመስጠት አትጣደፉ። "አንተስ ምን ይመስልሃል?" በሉት። ትራም እስክንሳፈር ድረስ ስለዚሁ ነበር የምናወራው።

አምስተኛው የሚጮህበት ቦታ ነው። ኤድቫርድ ሙንክ በ1893 የሣለው ታዋቂው "ጩኸት" የሚያሳየው ከዚህ ኮረብታ ላይ የሚታየውን ባሕርና ሰማይ ነው። ማሪና አብራሞቪች የምትባል አርቲስት ደግሞ በ2013 የኦስሎን ሰዎች እዚህ ሰብስባ አስጮኸቻቸው፤ የብረት ፍሬም አቁማ ማንም መጥቶ በዚያ በኩል እንዲጮህ ተወችው። ቀኑን ሙሉ "ጸጥ በሉ፣ ጎረቤት ይረበሻል" የሚባሉ የአፓርታማ ልጆች እዚህ በሙሉ ጉሮሯቸው ይጩሁ። እናንተም ጩሁ። እኔ በመጀመሪያው አፍሬ ነበር። በሁለተኛው ግን ከሆዴ ወጣ፣ ልጆቼም እጄን ይዘው አብረውኝ ጮኹ። ሳምንቱን ሙሉ የተሸከምኩት ነገር ቀለል ሲለኝ ተሰማኝ።

ስድስተኛውን ልጆቹ መንገድ ላይ ያግኙት። የሚያወራ የመብራት ምሰሶ አለ፣ በንፋስ የሚንቀሳቀስም አለ።

የቻፕማን ወንድማማቾች ሥራ የሆነ፣ የተቆራረጠ የሰው አካል የተሰቀለበት የነሐስ ዛፍም አለ። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ቦታውን ካርታው ላይ አስቀድማችሁ አይታችሁ በሌላ መንገድ እለፉ። ማታ የሚቃዥ ልጅ አለኝ፣ ስለዚህ እኛ እናልፈዋለን። የጄምስ ተረል የብርሃን ክፍሎች ከመሬት በታች፣ በድሮ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ናቸው። ድንቅ ናቸው፤ ግን የሚከፈቱበት ሰዓት የተወሰነ ስለሆነ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ስለ ራቁት ሐውልት

ይህን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ ብዙ ሐበሻ ወላጅ በዚህ የተነሳ ስለሚቀር። አዎ፣ ብዙዎቹ ራቁታቸውን ናቸው። እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ የመጀመሪያዋን እንዳየች ነጠላዋን ጎትታ የልጁን ዓይን ሸፈነች። ምንም አላልኳትም። ዝም ብለን ሄድን። ሬንዋር የሠራት የልብስ አጣቢ ሐውልት ጋ ስንደርስ ግን ቆመች። ሴትየዋ ቁጢጥ ብላ፣ አጎንብሳ ታጥባለች። እናቴ ዞር ዞር ብላ አየቻትና "ይቺስ ወገቧን ይዟታል" አለች። ከዚያ ለልጆቼ በልጅነቷ ወንዝ ወርደው በእንዶድ እንዴት ያጥቡ እንደነበር፣ ነጭ ጋቢ ቋጥኝ ላይ እንዴት እንደሚሰጣ ነገረቻቸው። ከእኔ እንኳ ሰምተውት የማያውቁት ታሪክ ነው።

ስለዚህ አያት ካለች ይዛችሁ ሂዱ። ልጆቹ ቢስቁ አትቆጡ። "ቀራጩ የሰው ገላ እንዴት እንደተሠራ ሊያሳየን ነው" በሏቸው፤ ይበቃቸዋል። ሰውነታቸው የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ ከእናንተ አፍ ቢሰሙት ደግሞ መልካም ነው።

ምሳና ጨዋታ

ከሦስተኛው ሥራ በኋላ ምሳ ብሉ። ሆድ ሲጎድል ጥበብ አይታይም። ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ዱላና ጠጠር ይልቀሙ፣ ከቅጠልና ከድንጋይ የራሳቸውን ሐውልት ይሥሩ። ሐውልቶቹ ላይ ግን አይውጡ፤ ነሐስ ሲረጥብ ያንሸራትታል።

ትልልቅ ልጆች ያሏችሁ ደግሞ በድሮው የመርከበኞች ትምህርት ቤት አጠገብ ያለውን ዓለት እዩ። በድንጋይ ዘመን የነበሩ ሰዎች አጋዘን መሳይ እንስሳት ቀርጸውበታል። ይህ ኮረብታ የሚቀረጽበት ከሺህ ዓመታት ጀምሮ ነው ብትሏቸው ዓይናቸው ይፈጣል።

ቤት ስትገቡ

ከፀደይ እስከ መጸው በሣሩና በቁጥቋጦው ውስጥ መዥገር አለ። ልጆቹን ገላቸውን ስታጥቡ ከጉልበታቸው ጀርባ፣ ብብታቸው ሥር፣ ከጆሯቸው ኋላና ፀጉራቸው ውስጥ ፈትሹ። ከተገኘ በመቆንጠጫ ቆዳው ድረስ ተጠግታችሁ ያዙትና ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ቅቤም ዘይትም አትቀቡት። የነከሰበትን ቀን ጻፉና ቦታውን ለጥቂት ሳምንታት ተከታተሉት፤ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከታየ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው።