አዲሱን ልማድ ከአሮጌው ጋር እሰሩት

"ከነገ ጀምሮ በየቀኑ ስፖርት እሠራለሁ" ብሎ መማል ብዙ አያስኬድም። መቼ? የሚለው አልተመለሰማ! አዲሱን ልማድ ሳታስቡት ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት። ጥርስ ቦርሻችሁ ስትጨርሱ አምስት ጊዜ ቁጭ ብድግ። ቡናው እስኪፈላ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ስልኩንም ማታ ከአልጋ ራቅ ያለ ሶኬት ላይ ቻርጅ አድርጉት፤ እንቅልፍ የሚሰርቀን እሱ ነው። ጅማሬው ትንሽ ይሁን፣ እስኪያስቅ ድረስ።

በ21 ቀን ልማድ ይሆናል የሚባለውን እርሱት። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ልማድ እስኪሆን የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነበር። ለአንዳንዱ 18 ቀን በቅቶታል፤ ለሌላው እስከ 254 ቀን ተገምቷል። ደስ የሚለው ደግሞ፣ አንድ ቀን መዝለል ያን ያህል አልጎዳም። ዛሬ ካመለጣችሁ ሰኞን ሳትጠብቁ ነገውኑ ቀጥሉ።