ደረቅ መርፌ ለጡንቻ ቋጠሮ፦ ከመወጋትዎ በፊት፣ ሲወጉ እና ከተወጉ በኋላ

በማጅራትና በትከሻ መካከል ያለውን ጡንቻ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጠጥ አድርገው ቀስ ብለው ያሹት። እንደ ክራር አውታር የተወጠረ መስመር፣ በመስመሩ ላይ ደግሞ ጠጠር ያለች ቦታ ታገኛላችሁ ማለት ይቻላል፤ ሲጫኗት “አዎ፣ እሷ ናት!” የምታሰኝ። ሕመሟ እዚያው አይቀርም። በአንገት ጎን ወጥቶ ጆሮ ግንድን፣ አንዳንዴም ከዐይን ጀርባ ያለውን ቦታ ይጠዘጥዛል። ባለሙያዎች ትሪገር ፖይንት ይሏታል፤ እዚህ ቋጠሮ እንበላት። በካይሮፕራክቲክ (አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ በሚያክም) ክሊኒክ ደረቅ መርፌ የሚወጋው ይህችን ቋጠሮ ፈልጎ ነው።

“ደረቅ” የተባለው መርፌው ምንም መድኃኒት ስለማያስገባ ነው። ውስጡ ድፍን፣ ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ ከ0.25 እስከ 0.30 ሚሊሜትር ነው። ለጡንቻ መድኃኒት የሚሰጥበት መርፌ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ይወፍራል። ቼካዊው ሐኪም ካሬል ሌዊት በ1979 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የታመመ ቦታ ላይ መድኃኒት ሲወጋ የሚገኘው እፎይታ ከመርፌው ከራሱም ሊመጣ እንደሚችል አሳየ። ከአኩፓንክቸር ጋር መርፌው አንድ ነው፤ የሚለየው ቦታው የሚመረጥበት መንገድ ነው። አኩፓንክቸር በጥንታዊ የቻይና ሕክምና መስመሮች ይመራል፣ ደረቅ መርፌ ግን በእጅ ተዳስሶ የተገኘውን ቋጠሮ ይከተላል።

ከወዲሁ አንድ ነገር ይወቁ። እስካሁን ያለው ማስረጃ በአብዛኛው የሚያሳየው የአጭር ጊዜ እፎይታን ነው። ስለዚህ መርፌውን እንደ መዳኛ ሳይሆን ሕመሙ ጋብ ብሎ ጡንቻውን ለማሠራት እንደሚገኝ ፋታ ይዩት። ፋታው ካልተሠራበት ቋጠሮው ይመለሳል።

ከመሄድዎ በፊት

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ፣ ደምዎ ቶሎ የማይረጋ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የሰውነት መከላከያዎ ከተዳከመ፣ ለኒኬል አለርጂ ካለብዎ ወይም የሚጥል በሽታ ካለብዎ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ቆዳው የቆሰለበት ወይም ያመረቀዘበት ቦታ አይወጋም። የሊምፍ ዕጢ ተቆርጦ ወጥቶ ያበጠ ክንድም እንዲሁ። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው በመርፌዎቹ ላይ ኤሌክትሪክ ማስገጠም የለበትም። መርፌ አጥብቆ የሚፈራ ሰው ቢቀርበት ይሻላል፤ ፈርቶ የተኮማተረ ጡንቻ ተወግቶም አይላላም።

ከሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ እየባሰ የሚሄድ የእግር ወይም የእጅ መዛል፣ በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል ካለ ጉዳዩ የቋጠሮ አይደለም። ቀጥታ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለነገ የማይባሉ ናቸው።

የካይሮፕራክተር የመውጋት ፈቃድ ከአገር አገር፣ በአንድ አገር ውስጥም ከግዛት ግዛት ይለያያል። “በደረቅ መርፌ ሥልጠናዎ የት ነው? ሕጉ ይፈቅድልዎታል?” ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። መርፌው ከታሸገበት ሲወጣ በዐይንዎ ይዩ። አንዴ የተወጋበት በሹል ነገር ማስወገጃ ሣጥን ይገባል እንጂ ለሌላ ቦታ አይቀመጥም። ባዶ ሆድዎን አይሂዱ፤ ራስ የሚያዞራቸው ብዙውን ጊዜ ሳይበሉ የመጡና ተቀምጠው የተወጉ ናቸው። ተኝተው ይወጉ።

አልጋው ላይ

ጥሩ ባለሙያ ከመርፌው ይልቅ በመዳሰሱ ላይ ጊዜ ያጠፋል። ቋጠሮውን ሲጫን “የሚያምዎት ይሄ ነው ወይ?” ብሎ መጠየቅ አለበት። የተጫነው ቦታ የሚያውቁትን ሕመም ካልቀሰቀሰ ቦታው ሌላ ነው። እግር ላይ የሚወርድ ሕመም ከመቀመጫ ጡንቻ፣ የትከሻ ፊት ሕመም ደግሞ ከትከሻ አጥንት ጀርባ ካለ ጡንቻ ሊነሣ ይችላል፤ ያመመዎትን ቦታ ብቻ የሚወጋ ሰው ምንጩን ይስታል።

ቆዳው በአልኮል ተጠርጎ ይደርቃል፤ እርጥብ እያለ ከተወጋ ያቃጥላል። መርፌው በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ራሱን መታ ሲደረግ ቆዳውን ያልፋል፤ ይሄኛው እምብዛም አይሰማም። ከዚያ ወደ ቋጠሮው ይገፋና ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። በትክክል ሲያገኘው ጡንቻው የዐይን ቆብ ርግብ እንደሚለው ድንገት ርግብ ይላል። ርግብ ካላለ አልሠራም ማለት አይደለም። በየቦታው ርግብ እስኪል ደጋግሞ መጎርጎር የሚያተርፈው በማግስቱ የሚብስ ሕመም ነው። አንዳንዱ መርፌውን ወዲያው ያወጣል፣ ሌላው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይተወዋል።

እዚህ ላይ የእርስዎ ቃል ዋጋ አለው። “ይጠዘጥዘኛል፣ ከበደኝ” ካሉ የሚጠበቅ ነው። “እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ” ካሉ መርፌው ነርቭ ነክቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሳብ መደረግ አለበት። “ሞቅ ብሎ የሚመታ ነገር” ወይም ስለታም ማቃጠል የደም ሥር ሊሆን ይችላል። ችዬ ልለፈው ብለው ዝም አይበሉ። መርፌው ሲወጣ ቦታው በጥጥ ለ30 ሰከንድ ያህል ይጫናል፤ ይህ ከተዘለለ መበለዙ ይሰፋል።

ሳንባ

ዋናው አደጋ ይሄ ነው። በትከሻ አናት፣ በትከሻ አጥንቶች መካከልና በጎድን አጥንት ላይ ጠልቆ የገባ መርፌ ሳንባን ሊበሳ ይችላል። አየሩ በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ይገባና ሳንባው ይኮማተራል። የትከሻ አናት ሲወጋ ጡንቻው በጣቶች ተቆንጥጦ ከፍ የሚደረገው መርፌው ወደ ደረት እንዳይወርድ ነው። ይህን ሳያደርግ ቀጥታ ወደ ታች ሊወጋ የሚዘጋጅ ካጋጠመዎ ያስቁሙት። ከተወጉ በኋላ፣ ከሰዓታት ቆይቶም ቢሆን፣ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ በረጅሙ ሲተነፍሱ ደረትዎን ከወጋዎ ወይም ደረቅ ሳል ከጀመረዎ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱና የተወጉበትን ቦታና ሰዓት አስቀድመው ይናገሩ።

ቀጣዮቹ 48 ሰዓታት

ብዙ ሰው ጠንከር ያለ ስፖርት እንደሠራ ሰው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይዝላል። መበለዝም ያጋጥማል። ለ15 ደቂቃ ሞቅ ያለ ፎጣ ማድረግ፣ በእግር መንቀሳቀስና የተወጋውን ጡንቻ በቀላሉ ማሠራት ያግዛል። ከባድ ነገር ማንሣቱ ለማግስቱ ይቆይ። ትከሻዎ ከሆነ ወንበር ላይ ተቀምጠው በታመመው ወገን እጅ የወንበሩን ጠርዝ ይያዙ፤ ራስዎን ወደ ሌላው ወገን ዘንበል አድርገው ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይቆዩ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ የትከሻ አጥንቶችዎን ወደ ኋላ ሰብስበው 5 ሰከንድ ይያዙ፣ 10 ጊዜ። መሳሳቡን ሠርተው ማጠናከሪያውን የሚተዉ ሰዎች ናቸው በተደጋጋሚ የሚመለሱት።

ያለ መርፌ

መርፌ የማይሆንለት ሰው ብዙ አማራጭ አለው። ቀላሉ በጣት ወይም በቴኒስ ኳስ መጫን ነው። ኳሱን በጀርባዎና በግድግዳ መካከል አድርገው ቋጠሮው ላይ ይደገፉ፤ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ቢለካ 5 ወይም 6 እስኪደርስ ብቻ። ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ሲቆዩ እየላላ መምጣት አለበት። እየጨመረ ከሄደ አብዝተው ተጭነዋል። አከርካሪ ላይና የአንገት ፊትና ጎን ላይ ኳስ አይጫንም።

ቆዳ ሳይበጣ የሚደረግ ዋግምት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆያል፣ ክብ ምልክቱም ለቀናት ይታያል። ጠርዙ የለሰለሰ ብረት በቅባት ቆዳ ላይ እየሳቡ ማሸትም አለ፤ ቆዳው ቢቀላ በቂ ነው፣ እስኪበልዝ መፋቅ የተሻለ ውጤት አያመጣም። ካይሮፕራክተሩ መገጣጠሚያ ሲገፋ የሚሰማው ቀጭታ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ከሚፈጠር የጋዝ ክፍተት የሚመጣ ነው፣ አጥንት ወደ ቦታው ሲመለስ የሚሰማ ድምፅ አይደለም። ድምፅ አልተሰማም ብለው እንዲደገምልዎ አይጠይቁ፣ በተለይ አንገት ላይ።

ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ መወጋት ይበቃል። ከመጀመሪያው ቀን በፊት አንገትዎን እስከ የት እንደሚያዞሩና ለስንት ደቂቃ ያለ ሕመም እንደሚቀመጡ ይጻፉ። ከሦስተኛው በኋላ ያንኑ ይለኩ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ አራተኛውን ቀጠሮ ለመርፌ ሳይሆን እንደገና ለመመርመር ይጠቀሙበት።