ለሳይንስ አዲስ የሆነ የባሕር ትል እንዴት ይገለጻል?

የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ። ባሕር በሌለው አገር፣ ሳሎኔ መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ የባሕር ትል በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ትሎቹ ከጅቡቲ ዳርቻ በፈቃድ ተሰብስበው በውሰት የመጡልኝ ናቸው። ወተት የሚያመጡልን እማማ አንድ ቀን ጠርሙሱን አዩና «ልጄ፣ ይኼ ከጓሮው ትል በምን ይለያል?» አሉኝ። ሥራው በሙሉ ከዚህ ጥያቄ ይነሣል። አዲስ ዝርያ መግለጽ ማለት «ከሚመስለው በምን ይለያል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የማያወላዳ መልስ መስጠት ነው።

ለእማማ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አሳየኋቸው። የሁለቱም አካል በቀለበት በቀለበት የተከፋፈለ ነው። የጓሮው ትል ግን ልሙጥ ነው፤ ፀጉሩ የሚታወቀው በጣት ሲዳሰስ ነው። የባሕሩ ትል በየቀለበቱ ግራና ቀኝ ሥጋማ መቅዘፊያ አለው። ከመቅዘፊያው ደግሞ የፀጉር ጥቅል ይወጣል። ፖሊኪት የተባለውም ለዚህ ነው፤ ባለብዙ ፀጉር ማለት ነው። እማማ ወተቱን አስቀምጠው ብዙ ቆዩ።

ሥራው የሚጀምረው ትሉ ገና በሕይወት ሳለ ነው። መጀመሪያ ፎቶ አንሡት፤ ቀለሙ ፎርማሊን ውስጥም አልኮል ውስጥም ይጠፋል። በቀጥታ ፎርማሊን ውስጥ ከጨመራችሁት ይኮማተራል፣ አንዳንዱም ይቆራረጣል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ማግኒዚየም ክሎራይድ በሟሟበት ውሃ እንዲፍታታ አድርጉት። ከዚያ ገሚሱን ለመልኩ ጥናት ፎርማሊን ውስጥ፣ ገሚሱን ለዲኤንኤ 96 በመቶ አልኮል ውስጥ አድርጉ። ፎርማሊን ዲኤንኤን ያበላሻል። ያላችሁ አንድ ትል ብቻ ከሆነ ከጅራቱ ትንሽ ቆርጣችሁ አስቀድማችሁ አልኮል ውስጥ ጨምሩ።

ጠርሙሱ ውስጥ የሚገባውን ወረቀት በእርሳስ ጻፉ። ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ ቀኑ፣ የሰበሰበው ሰው ስም ይኑርበት። እኔ አንድ ጊዜ በእስክሪብቶ ጽፌ ቀለሙ አልኮሉ ውስጥ ሟሟ። ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ትሉ ደህና ነበር፤ ከየት እንደመጣ የሚነግረኝ ግን ጠፋ። ያ ትል ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ለመግለጫ አይሆንም። ባየሁት ቁጥር ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ማየቱ። ከራሱ ጀምሩ። ትሉ ኔረይድ ከሚባለው ፋሚሊ (የተዛማጅ ዝርያዎች ቤተሰብ) ነው እንበል። ራሱ ላይ 4 ዐይኖች፣ 2 ቀጫጭን አንቴናዎች፣ 2 ወፈር ያሉ ፓልፖች (መዳሰሻዎች) ታያላችሁ። ጉሮሮው ወደ ውጭ ሲገለበጥ ጥንድ መንጋጋና እንደ ጥቁር አዝሙድ የተበተኑ ጥቃቅን ጥርሶች ይወጣሉ። ባለሙያዎች ጉሮሮውን በ8 ክልል ከፍለው ቁጥር ሰጥተውታል። በየክልሉ ስንት ጥርስ እንዳለ ይቆጠራል። እኔ ይህን የምቆጥረው ጠዋት፣ ዐይኔ ሳይደክም ነው። አንድ ትል ቆጥራችሁ አትቁሙ። በተቻለ መጠን ብዙ ቁጠሩ፤ ከስንት እስከ ስንት እንደሚደርስ ጻፉ።

ቀጥሎ አንድ መቅዘፊያ በጥሩ መቀስ ቆርጣችሁ፣ ግሊሰሪን ጠብ አድርጋችሁ መስታወት ላይ አስቀምጡ። ሣሉት። ከስንተኛው ቀለበት እንደተቆረጠ ሥዕሉ ሥር መጻፍ አትርሱ፤ የፊቱ መቅዘፊያና የኋላው አይመሳሰሉም። የቀለበቶቹ ጠቅላላ ቁጥር ብቻውን አያሳምንም፤ ትሉ ሲያድግ ቀለበት ይጨምራል፣ ጅራቱም ተቆርጦ መልሶ ሊበቅል ይችላል።

አጻጻፉ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ፀጉሮቹ ረጃጅም ናቸው» ብሎ የጻፈ ምንም አልጻፈም። ከምን ይረዝማሉ? «በ10ኛው ቀለበት የላይኞቹ ፀጉሮች የመቅዘፊያውን ርዝመት 2 እጥፍ ያህላሉ» ሲባል ግን ትሉን አይቶት የማያውቅ ሰው ለክቶ ያረጋግጣል።

ከሁሉም ጊዜ የሚበላው ማወዳደሩ ነው። የጅቡቲን ትሎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፈረንሳዊው ሻርል ግራቪዬ ገልጿቸዋል። ከዚያ አካባቢ የመጣ ትል ይዞ የእሱን ጽሑፍና ሥዕል ያላየ ሰው «አዲስ ነው» ማለት አይችልም። በስም ብቻም አትመኑ። ማርፊሳ ሳንጉዊኒያ የተባለው ትል መጀመሪያ የተገለጸው ከእንግሊዝ ዳርቻ ነው። ስሙ ግን ለብዙ ዘመን በዓለም ዙሪያ ለሚመስሉት ትሎች ሁሉ ሲሰጥ ኖረ። በኋላ በደንብ ሲታዩ ብዙዎቹ ሌላ ዝርያ ሆነው ተገኙ።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ብዙ ኔረይዶች ለመራባት ሲደርሱ መልካቸው ይለወጣል። ዐይናቸው ይተልቃል፣ ፀጉራቸው ለዋና የሚመች ሰፊ ይሆናል። የሠርግ ልብስ እንደ መልበስ ነው። ጥንት እነዚህን ለብቻ ሄቴሮኔሬይስ የሚል የጂነስ (የቅርብ ዝርያዎች ወገን) ስም ሰጥተዋቸው ነበር። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው አዲስ ትል ነው ወይስ የምታውቁት ትል ለሠርግ ለብሶ ነው? ዲኤንኤው እዚህ ላይ ይረዳል።

የስያሜውን ደንብ ባጭሩ ልንገራችሁ። የእንስሳት ስያሜ መነሻው እ.ኤ.አ. 1758 ነው፤ ስዊድናዊው ሊኔየስ የእንስሳት ስያሜ መጽሐፉን ያሳተመበት ዓመት። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ አዲስ ዝርያ ሲገለጽ ጽሑፉ አዲስ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት። አንድ ትል ሆሎታይፕ፣ ማለትም ስሙ የሚታሰርበት ናሙና፣ ተብሎ ይመረጥ፣ የሚቀመጥበት ቦታም ይጠቀስ። በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣ ጽሑፍ ደግሞ አስቀድሞ ዙባንክ በሚባለው የእንስሳት ስሞች መዝገብ ላይ ይመዘገባል። የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ተጽፎ ስም መሆን ይችላል። በወንድ ስም ከሰየማችሁ መጨረሻው «ኢ» (-i) ነው፣ በሴት ከሆነ «ኤ» (-ae)። በራሳችሁ ስም አትሰይሙ፤ ነውር ነው።

ሆሎታይፑን ቤት አታስቀምጡ። ተመራማሪ ገብቶ ሊያየው የሚችል ሙዚየም ይግባ። ፓራታይፖቹን፣ ማለትም ለመግለጫው የተጠቀማችሁባቸውን ሌሎች ትሎች፣ ለሁለት ቦታ ብታካፍሉ ይሻላል፤ አንደኛው አራት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም ቢሆን ደስ ይለኛል። የእኔ ሆሎታይፕ አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ለመላክ ተዘጋጅቷል። በልማዱ መሠረት ቀይ ወረቀት ለጥፌበታለሁ። ውስጡ ያለውን ወረቀት በእርሳስ ጽፌዋለሁ፤ ማታ አልኮሉን ሞልቼ ክዳኑን ሳጠብቅ ደግሜ አነበብኩት።