የስቱዲዮ መደርደሪያ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ብዙ ሰዓሊ የስቱዲዮውን መደርደሪያ ራሱ ይሠራል። ቺፕውድ፣ ሞራሌ፣ ብሎንና ኮላ ካለ ይበቃል። ርካሽ ዕቃ በትክክል ከተደገፈ ለዓመታት ያገለግላል። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱ ያለቦታው ሲያርፍ ወይም አየር ሲታፈን ነው።

የመሳቢያው ውስጥ ይሞቃል፣ የዘይት ሽታ አለው

ይህን አስቀድሜ የማነሳው እሳት ስለሚያስነሳ ነው። መሳቢያው ውስጥ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ካለ አሁኑኑ አውጡት። ዘይቱ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ተጨማድዶ ወይም ተከምሮ ከተቀመጠ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ክብሪት ሳይጫር ሊቀጣጠል ይችላል። እያንዳንዱን ጨርቅ ደጅ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ አለዚያም ውሃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩት። መሳቢያ የጨርቅ ቦታ አይደለም።

መደርደሪያው መሃሉ ላይ ጎበጠ

ቦርዱን ከመውቀሳችሁ በፊት በሁለቱ ድጋፎች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ጭነቱ ሳይለወጥ ርቀቱ እጥፍ ቢሆን ጉብጠቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መሃል ላይ አንድ ድጋፍ ማቆም ውድ ቦርድ ከመግዛት ይሻላል። ለ18 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ፣ የቀለም ባልዲ የሚሸከም ከሆነ፣ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ባትተዉ እመርጣለሁ።

ድጋፍ ማቆሚያ ቦታ ከሌለስ? ከፊት ጠርዙ ሥር ቀጭን ጣውላ በቁሙ አድርጋችሁ በኮላና በብሎን እሰሩ። በጀርባው ከተኛ ብዙም አይረዳም፤ መቆም አለበት። ሁለት ቦርድ ስትደራርቡም ኮላውን አትርሱ። እንዲሁ የተደራረቡ ሁለት ቦርዶች ጉብጠትን የመቋቋም አቅማቸው የአንዱ እጥፍ ብቻ ነው። ፊታቸው ሙሉ በሙሉ ከተጣበቀ ግን ስምንት እጥፍ ይደርሳል። የጎበጠውን ቦርድ መገልበጥ ለጊዜው ቀጥ ያደርገዋል፤ ርቀቱ ካልተቀነሰ ግን ተመልሶ ይጎብጣል።

ሲነኩት ወደ ጎን ይወዛወዛል

ብሎን ደጋግሞ ማጥበቅ እዚህ ላይ አይረዳም። አራት ማዕዘን ቅርጽ በራሱ ጎን ለጎን ይላወሳል። ከጀርባው 4 ሚሊ ሜትር ኮምፖንሳቶ ዙሪያውን ምቱበት፤ ወይም አንድ ጣውላ በሰያፍ እሰሩ። ከመምታታችሁ በፊት ከጥግ እስከ ጥግ ያሉትን ሁለት ሰያፎች ለኩ። እኩል ካልሆኑ መደርደሪያው ተጣሟል፤ ገፋ አድርጋችሁ እኩል ሲሆኑ ምቱ።

ሸራው ላይ ጉብታ ወጣ

ከጀርባው ምን እንደተደገፈ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሌላ ሥዕል የፍሬም ጥግ ነው። ግድግዳ ላይ ተደራርበው የተደገፉ ሸራዎች ክብደታቸውን በሙሉ በዚያች ጥግ ላይ ያሳርፋሉ።

የሚያዋጣው ሥዕሎችን በቁማቸው የሚይዝ፣ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ መደርደሪያ ነው። መከፋፈያው ሙሉ ቦርድ መሆን የለበትም። ላይና ታች በሁለት ጣውላዎች መካከል የቆሙ ቀጫጭን ዘንጎች ይበቃሉ፤ ወጪው ይቀንሳል፣ አየርም ይዘዋወራል። ለአንድ ክፍል ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስጡ። ሰፋ ያለ ክፍል ሥዕሎቹን ዘመም ያደርጋቸዋል፣ ችግሩም ይመለሳል። ተቀራራቢ መጠን ያላቸውን አንድ ላይ አድርጉ። ፊት ለፊት፣ ጀርባ ለጀርባ ይቁሙ፤ በመካከላቸው ከሁለቱም የሚበልጥ ካርቶን ይግባ። መደርደሪያው ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ውሃ ቢፈስ ሥዕሉን አያገኘውም። የታችኛው ጣውላ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ከተለጠፈ ፍሬሙ ሲገባና ሲወጣ አይፋቅም። የውጪ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፤ ጀርባውን ከግድግዳው ጥቂት አርቁት።

ሸራው የላላ ከሆነ የፍሬሙ ማዕዘን ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ሽብልቆች ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉ፤ ይወጠራል። ቀለሙ የተሰነጠቀ አሮጌ ሥዕል ከሆነ ግን አትንኩት፤ ለጥገና ባለሙያ ተዉት።

ሥዕሎቹ እርስ በርስ ተጣበቁ

የዘይት ቀለም የሚደርቀው ኦክስጅን ስቦ ነው። ስስ ቅብ በቀናት ሊደርቅ ይችላል፤ ወፍራሙ ወራት ይፈልጋል። አክሪሊክ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ለስላሳ ሆኖ ስለሚቀር ሙቀትና ጫና ሲያገኘው ይጣበቃል። ፕላስቲክ ፊቱ ላይ አታሳርፉ። ሲሊኮን የተቀባ ወረቀት ይሻላል። ለእርጥብ ሥዕል ለብቻው ማድረቂያ ሥሩ፤ ሁለት ቋሚ ሞራሌ ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ዘንግ መትከል ነው፣ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። የተጣበቁትን በኃይል አትጎትቱ።

የዘይት ሥዕል ነጩ ቢጫ ከመሰለስ? ጨለማ ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆይቶ ይሆናል። ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ብሩህ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ስቀሉት፤ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል።

ብሎኑ ከቺፕውዱ ጠርዝ ይወልቃል

የቺፕውድ ጠርዝ ብሎን አጥብቆ አይይዝም። የላላውን ቀዳዳ ኮላ በነካ የእንጨት ስንጥር ሙሉት፣ ከደረቀ በኋላ መልሳችሁ እሰሩ። ከዚያ በተሻለ፣ ጥጉ ላይ ሞራሌ አስገቡና ብሎኑ የቦርዱን ፊት አልፎ ሞራሌውን ይያዝ። ለ4 ሚሊ ሜትር ብሎን አስቀድሞ በ2.5 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር ብሱ።

መሳቢያው አልከፈት አለ

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በስፋቱ ያብጣል። ሐዲዱን በሻማ እሹት። ወዲያው አትላጉት፤ አየሩ ሲደርቅ ይላላል። አዲስ ስትሠሩ ግራና ቀኝ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ።

የቀለም ጋሪው ጎማ ተሰበረ

ጎማ ስትገዙ ጠቅላላ ክብደቱን ለሦስት አካፍሉ፣ ለአራት አይደለም። ወለል ሙሉ በሙሉ ልሙጥ ስለማይሆን አንዱ ጎማ ብዙ ጊዜ አየር ላይ ነው። ከባዱን ባልዲ ታችኛው መደብ ላይ አድርጉ፤ ቢያንስ ሁለቱ ጎማዎችም ፍሬን ይኑራቸው።