ዴቢያን በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ፦ ከመጫናችሁ በፊት ሆዱን እዩ

በማስተምርበት ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ 19 ኮምፒውተሮች አቧራ ለብሰው ተቀምጠው ነበር። "ከአገልግሎት ውጪ" የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። አብዛኞቹ ከ2005 እስከ 2011 ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በ13ቱ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ዴቢያን የሚባለውን ነፃ የሊኑክስ ሲስተም ጭነን ልጆች ይጽፋሉ፣ ኮድ ይማራሉ። የቀሩት 6ቱ ራማቸውንና ፓወር ሰፕላያቸውን ለወንድሞቻቸው ሰጥተዋል።

ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነፃ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ስለዚህ በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ ደህና ማሽን እየተጣለ ነው። ይህ ያንገበግበኛል። ገና ብዙ መሥራት የሚችል ዕቃ ነው።

ሰዎች ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ "ይህ ላፕቶፕ ሊኑክስ ይቀበላል ወይ?" ይሉኛል። ጥያቄው እንደዚያ አይደለም። ከላይ የተለጠፈው የፋብሪካ ስም ብዙም አይነግራችሁም። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች ውስጣቸው የተለያየ የዋይፋይ ካርድ ሊኖር ይችላል። መጠየቅ ያለበት ቺፑ ነው። ቺፑ ደግሞ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ካወቃችሁ መልሱ ግማሽ መንገድ ደርሷል።

ከዚህ በታች ትዕዛዞችን በድምፃቸው ነው የጻፍኳቸው። ስትተይቡ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት አድርጓቸው።

መጀመሪያ አካሉን

ሶፍትዌር ከመንካታችሁ በፊት ክፈቱት። አቧራውን በብሩሽ አራግፉ፣ የፕሮሰሰሩን ተርማል ፔስት ቀይሩ፣ ካፓሲተሮቹ አናታቸው ያበጠ እንደሆነ እዩ። ያበጠ ካለ ጊዜያችሁን አታጥፉበት፤ ያ ማሽን መለዋወጫ ይሁን። ራሞቹን አውጡና ወርቃማውን ጥርሳቸውን በላጲስ ቀስ ብላችሁ አሹት። "ሞቷል" የተባሉ 3 ማሽኖች በዚህ ብቻ ተነስተዋል። ከዚያ ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት86ፕላስን በፍላሽ አስነሱና ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ይጨርስ። ራሙ የተበላሸ ኮምፒውተር ሊኑክስ ሲጫንበት ግማሽ መንገድ ላይ ይቆምና ጥፋቱ የሊኑክስ ይመስላችኋል።

ሃርድ ዲስኩን ለመመርመር ስማርትሞንቱልስ የሚባለውን ፓኬጅ (ሊኑክስ ላይ የሚጫን ፕሮግራም) ተጠቀሙ። የሚያወጣው ሠንጠረዥ ረጅም ነው፤ እኔ የማየው 2 መስመር ነው፤ ቁጥር 5 እና ቁጥር 197። መጨረሻቸው ላይ ያለው ቁጥር 0 ካልሆነ ዲስኩ መሞት ጀምሯል። ገንዘብ ካላችሁ ለእነዚህ ማሽኖች ከሁሉም በላይ የሚጠቅማቸው ትንሽ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ነው። ሳታ የሚባለው የድሮ የዲስክ ማገናኛ አዲሱን ኤስኤስዲ ያለችግር ይቀበላል።

የባትሪዋ ነገር

ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ ሲአር2032 ትባላለች። ለዓመታት የተቀመጠ ማሽን ላይ ሞታ ነው የምትገኘው። እሷን ቀይሩ፤ ከዚያ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ ቀኑን አስተካክሉ። እዚህ ላይ ግማሽ ቀን ያቃጠለብን ነገር ልንገራችሁ።

አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ባትሪውን ቀይሮ ቀኑን ሞላ። ወሩ ጥር ነበር። በእኛ አቆጣጠር 5ኛ ወር፣ ዓመቱም 2016። ልጁ 5 እና 2016 ብሎ ጻፈ፤ ልክ ነው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካላንደር እንደዚያ ይላል። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ ወደ 8 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ኢንስቶለሩ (ሲስተሙን የሚጭነው ፕሮግራም) ከኢንተርኔት የሚያወርደውን ፓኬጅ ሁሉ አላምንም አለ። የፓኬጆቹ ፊርማ ለእሱ ገና ባልደረሰ ቀን የተፈረመ ነዋ! እኛ ደግሞ ኬብሉን እንቀይራለን፣ ራውተሩን አጥፍተን እናበራለን፣ ሌላ ፍላሽ እናዘጋጃለን። ከሰዓት በኋላ ነው ልጁ ራሱ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀን አይቶ "ቲቸር፣ ይኼ የእኛ አቆጣጠር ነው እንዴ?" ያለኝ። ቀኑን አስተካከልን፣ ሁሉም ነገር ገባ። ኢንተርኔት እያለ ድረ ገጾች ሁሉ የሰርተፊኬት ስህተት የሚያወጡበት ማሽን ካጋጠማችሁም መጀመሪያ ቀኑን እዩ።

32 ወይስ 64?

ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የቁጥር ስፋት 32 ቢት ነው ወይስ 64? ይህ ትልቁ መለያ ነው። ዴቢያን 13 በኦገስት 2025 ሲወጣ ለባለ 32 ቢት ፒሲ ኢንስቶለርም ከርነልም (የሲስተሙ እምብርት) አልያዘም። ፕሮሰሰራችሁ ባለ 64 ቢት ከሆነ ዴቢያን 13ን ጫኑና እፎይ በሉ። ባለ 32 ከሆነ ዴቢያን 12ን ጫኑ፤ የረጅም ጊዜ ድጋፉ እስከ ጁን 2028 መጨረሻ ይቆያል።

ስሙን በጥንቃቄ አንብቡ። "ኮር ዱዎ" እና "ኮር 2 ዱዎ" አንድ አይደሉም። ሁለቱም በ2006 ነው የወጡት፤ የመጀመሪያው ባለ 32 ነው፣ 2 ቁጥር ያለችበት ባለ 64። በትንንሾቹ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ አቶም ኤን270 ባለ 32 ነው፣ አቶም ኤን450 ባለ 64። ፔንቲየም 4 እንደ ዕድሜው ይለያያል፤ የኋለኞቹ 64 ይችላሉ።

ግምት አያስፈልግም። እኔ ኪሴ ውስጥ ባለ 32 ቢት አንቲክስ የተጫነበት ፍላሽ አለኝ። አንቲክስ ከዴቢያን የተሠራ ቀለል ያለ ሲስተም ነው፤ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ይነሳል፣ በሁለቱም ዓይነት ፕሮሰሰር ይሠራል። ተርሚናል ከፍታችሁ ኤልኤስሲፒዩ ብላችሁ ጻፉ። ከላይ ባሉት መስመሮች "32-ቢት፣ 64-ቢት" የሚል ካያችሁ ፕሮሰሰሩ ሁለቱንም ይችላል። "32-ቢት" ብቻ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ባለ 32 ነው። ከእኛ 13 ማሽኖች 4ቱ ባለ 32 ሆነው ተገኙ።

ስለ ራም አንድ ነገር። 945 የሚባለው የኢንቴል ቺፕሴት ያላቸው ቦርዶች 4 ጊጋ ብትሰኩባቸውም ከ3 ጊጋ ትንሽ በላይ ብቻ ያያሉ። ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢሆን እንኳ ያው ነው፤ የቦርዱ ገደብ ነው። እንግዲህ ትርፉን ራም ለሌላ ማሽን ስጡት።

ቁጥሩን መጠየቅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። በዚያው ፍላሽ ላይ ሳላችሁ ኤልኤስፒሲአይ ብላችሁ፣ ክፍተት ትታችሁ፣ ሰረዝ፣ ኤን፣ ኤን፣ ኬ ብላችሁ ጻፉ። ማሽኑ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይዘረዝርላችኋል። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን በቅንፍ ውስጥ በሁለት ነጥብ የተከፈለ ቁጥር አለ። የግራው 4 ምልክት ሠሪውን ይነግራችኋል፣ የቀኙ 4 ምልክት ቺፑን። 8086 ካያችሁ ኢንቴል ነው። 1002 ከሆነ ኤቲአይ ነው፣ ማለትም ዛሬ ኤኤምዲ የያዘው። 14ኢ4 ብሮድኮም ነው፤ መሀል ያለችው የእንግሊዝኛዋ ኢ ናት።

ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ደግሞ የትኛው ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራ ፕሮግራም) እንደያዘው የምትናገር መስመር አለች። መስመሯ ካለች ከርነሉ ዕቃውን አውቆታል። ከሌለች እዚያ ላይ ሥራ አለባችሁ። እኔ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ገጽ ደብተር ሰጥቼ ቁጥሩንና ድራይቨሩን ልጆቹ እንዲገለብጡ አደርጋለሁ። በኋላ ችግር ሲመጣ የማሽኑን ሞዴል ሳይሆን ያንን ቁጥር ነው ኢንተርኔት ላይ የምትፈልጉት። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ስክሪን

የኢንቴል 945 ግራፊክስ ምንም ሳትጨምሩለት ይሠራል። ኤቲአይ ራዲዮን ፈርምዌር (ዕቃው ራሱ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ይፈልጋል፤ ከዴቢያን 12 ጀምሮ ነፃ ያልሆኑ ፈርምዌሮች ኢንስቶለሩ ውስጥ አብረው ስለሚመጡ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጭነዋል። ለኤንቪዲያ ኑቮ የሚባለው ነፃ ድራይቨር አለ። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ይበቃል፤ በእነዚህ ማሽኖች ላይ የድሮውን የፋብሪካ ድራይቨር ከአዲስ ከርነል ጋር ለማጣመር መታገል ዋጋ የለውም ባይ ነኝ።

አንድ የምመክራችሁ ነገር አለ። ጂኤምኤ 500 ወይም ጂኤምኤ 3600 ያለበትን ትንሽ ላፕቶፕ ገንዘብ አውጥታችሁ አትግዙ። ስማቸው ኢንቴል ቢሆንም ውስጣቸው ፓወርቪአር የሚባል የሌላ ድርጅት ግራፊክስ ነው። ምስል ይወጣል፤ ግን ሥራውን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ስለሚሸከመው ቪዲዮ ይንተባተባል። አቶም ኤን2600 ያለባቸው ከዚህ ወገን ናቸው።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቢቀር አትደንግጡ። አጥፍታችሁ አብሩ፣ ግሩብ የሚባለው የማስነሻ ማውጫ ሲመጣ የእንግሊዝኛዋን ኢ ተጫኑ፣ ሊኑክስ ብሎ የሚጀምረውን መስመር ፈልጉና መጨረሻው ላይ ኖሞድሴት የሚል ቃል ጨምሩ፤ ከዚያ ኤፍ10። ምስሉ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ይመጣል፣ ከውስጥ ሆናችሁ የጎደለውን ፈርምዌር ትጭናላችሁ።

ዋይፋይ

የኬብል ኔትወርክ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። የሚያስቸግረው ዋይፋይ ነው። የድሮ አቴሮስ ካርዶች ወርቅ ናቸው፤ አብዛኞቹ ፈርምዌር እንኳ አይጠይቁም። ኢንቴል 3945 ፈርምዌሩ ከኢንስቶለሩ ጋር ይመጣለታል። ብሮድኮም ግን ለየት ይላል። ለምሳሌ 14ኢ4፡4315 የሚል ቁጥር ካያችሁ ካርዱ ቢሲኤም4312 ነው። ፈርምዌሩን ዴቢያን በራሱ ፍላሽ ውስጥ እንዲያድል ፈቃዱ ስለማይፈቅድ፣ ፈርምዌር-ቢ43-ኢንስቶለር የሚባል ፓኬጅ ራሱ ከኢንተርኔት ያወርደዋል። ዋይፋዩን ለማስነሳት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ዋይፋይ!

መፍትሔው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አንድሮይድ ስልካችሁን በዩኤስቢ ኬብል ሰኩና ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ቴተሪንግን አብሩ። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኬብል ኔትወርክ ያየዋል፤ ድራይቨር አይጠይቅም። ስልኩ በዋይፋይ ከተገናኘ የሞባይል ዳታችሁም አይነካም። በዚህ መንገድ ፓኬጁን ጫኑ፣ አጥፍታችሁ አብሩ፣ ዋይፋዩ ይነሳል።

መጫኑ

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ፍላሹን ዊንዶውስ ላይ የምታዘጋጁ ከሆነ ሩፉስን ተጠቀሙ፣ ሲጠይቃችሁ የዲዲ ዘዴውን ምረጡ። የድሮ ባዮስ ላይ ፍላሹ ከቡት ዝርዝር ውስጥ የሌለ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ "ሃርድ ዲስክ" በሚለው ሥር ተደብቆ ነው የሚገኘው። እዚያ ገብታችሁ ወደ ላይ አውጡት። ኢንስቶለሩ ዲስኩን ካላየው ደግሞ ባዮስ ውስጥ የሳታውን አሠራር ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩ።

የዴስክቶፕ ዓይነት ሲያስመርጣችሁ ከባዱን ኖምን አንሱና ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢን ምረጡ። ራሙ 1 ጊጋ ብቻ ከሆነ ኤልኤክስኪውቲ ይሻላል፤ ግን እውነቱን ለመናገር 2 ጊጋ ከሌለ ብራውዘር ሲከፈት ልጆቹ ይሰለቻሉ። ክሮም ለባለ 32 ቢት ሊኑክስ መውጣቱን በ2016 ስላቆመ በእነዚያ ላይ ፋየርፎክስ ነው የምንጠቀመው።

ለአማርኛ አይባስ-ኤም17ኤንን እና አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት ጫኑ፣ ከግብዓት ዘዴዎች ውስጥ "ሴራ" የሚባለውን የአማርኛ አጻጻፍ ዘዴ ጨምሩ። በድምፅ ትጽፋላችሁ፣ ፊደሉ ይወጣል። ልጆች ስማቸውን በራሳቸው ፊደል ጽፈው ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚነበበውን ደስታ ብታዩት!

ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ፕሪንተር ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። ፕሪንተሩ በተበራ ቁጥር ፈርምዌሩን ከኮምፒውተሩ ይቀበላል። ኤችፒሊፕን ጫኑና ኤችፒ-ፕለጊን የሚለውን ትዕዛዝ ኢንተርኔት እያለ አንድ ጊዜ አሂዱት፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ይጭንለታል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ከደብተሩ ላይ ያለውን በትንሽ ወረቀት ገልብጣችሁ ከውስጥ በኩል ለጥፉ። የኛ 7ኛው ማሽን ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ "ኮር 2 ዱዎ፣ 64፤ ራም 3 ጊጋ፤ ዴቢያን 13፤ ዋይፋይ 14ኢ4፡4315፣ ቢ43 ተጭኗል፤ ባትሪ ተቀይሯል፤ ቀኑን በፈረንጅ ሙሉ።"